የሚጮህ ትንሽ ውሻ፦ የትኛው መፍትሔ ለየትኛው ቤት?

ጎንደር ውስጥ ትንሽ ውሻ ያለው ሰው ስለ ጩኸቱ ምክር ቢጠይቅ ከመልሱ ብዛት የተነሳ ግራ ይጋባል። አንዱ የሚንዘር የአንገት ቀበቶ ከአዲስ አበባ አስመጣ ይለዋል፣ ሌላው እሰረው ይላል፣ ሌላው የሚያስተኛ ክኒን ይጠቁማል። ብቸኝነት ነው፣ ሁለተኛ ቡችላ ጨምርለት የሚልም አይጠፋም። ይህ ሁሉ ሲሆን አከራይ ቀን ቆርጧል፣ ጎረቤትም ሰላምታው ቀዝቅዟል።

አማራጮቹን ከማወዳደር በፊት ግቡን እናስተካክል። ውሻን ጨርሶ ዝም ማሰኘት አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ሌሊት ጅብ አጥር ሥር ሲያልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጮህ ውሻ ጥፋት አላጠፋም። የሚፈለገው ሲነገረው የሚያቆም፣ ካቆመም በኋላ የሚረጋ ውሻ ነው።

በመጀመሪያ፦ የቱ ዓይነት ጩኸት ነው?

ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ብር መበተን ነው። ለሦስት ቀን ስልክዎን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርገው ቤት ውስጥ ይተዉት፤ በተለይ ሰው በሌለበት ሰዓት። ጩኸቱ የጀመረበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የተሰማውን ድምፅና እስኪያቆም የፈጀውን ደቂቃ ይጻፉ። ከዚህ ማስታወሻ ውስጥ ዓይነቱ ራሱ ይወጣል።

የበር ጩኸት ፈጣንና ተከታታይ ነው። ውሻው ወደ ውጭ በር ይሮጣል፣ በሥሩ ባለው ክፍተት አፍንጫውን ያወጣል፣ መንገደኛው ሲያልፍ ያቆማል። ይህ ጩኸት ራሱን በራሱ የሚያጠናክር ነው። ሊስትሮው፣ ባጃጁ፣ ውኃ ቆጣሪ አንባቢው ሁሉም መንገደኞች ስለሆኑ ይሄዳሉ፤ ውሻው ግን ያባረራቸው እሱ እንደሆነ ያምናል። በቀን ብዙ ጊዜ ያሸነፈ ውሻ ለምን ይተዋል? በቆርቆሮ አጥር በተከለሉት የጎንደር ግቢዎች ዋናው ችግር ይኸኛው ነው ብለን እናምናለን።

የልመና ጩኸት አጭር ነው፤ አንዴ ይጮህና ዓይንዎን ያያል፣ ይጠብቃል፣ ይደግማል። ማዕድ ላይ አንድ ቀን የተሰጠው ቁራሽ ለአንድ ወር ያስጮኸዋል። የብቸኝነት ጩኸት ከወጡ በኋላ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ማላዘን አለበት፣ በር መቧጨር፣ ምራቅ ማዝረብረብ፣ ሽንቱን የለመደ ውሻም ሆኖ ወለል ላይ መሽናት አለበት። የፍርሃት ጩኸት ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ ጅራት ተሸጉጦ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ የሚጮኹት ነው፤ ተኩስ፣ ርችትና ነጎድጓድ ያመጡታል። መሰላቸት ደግሞ አንድ ወጥ ድምፅ ነው፤ ማንም ሳያልፍ፣ ምንም ሳይሰማ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል።

የአሥር ዓመት ውሻ ድንገት ሌሊት ሌሊት መጮህ ከጀመረ የሥልጠና ጉዳይ አይደለም። የጆሮ ሕመም፣ የጥርስ ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም እርጅና የሚያመጣው ግራ መጋባት ሊሆን ስለሚችል ከሐኪም ይጀምሩ።

አንድ ነገር ከሁሉም ይቀድማል። የውሻው ድምፅ ሻክሮ ከተለወጠ፣ ጠባዩም አብሮ ከተለወጠ፣ ለመዋጥ ከተቸገረ ወይም ምራቁ ከተዝረበረበ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አፉን ከፍቶ ለማየት አይሞክሩ፤ ሰውና እንስሳ ከማይደርስበት ቦታ ዘግተው ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

በምን እንመዝናቸው?

ትልቁ መመዘኛ አማራጩ ምክንያቱን ይነካል ወይስ ድምፁን ብቻ ያፍናል የሚለው ነው። ሁለተኛው ከ3 እስከ 6 ኪሎ በሚመዝን አካል ላይ ያለው ጉዳት ነው፤ ለትልቅ ዘበኛ ውሻ የተሠራ ነገር ለፑድል ወይም ለማልቲዝ አይሆንም። ከዚያ ፍጥነቱ፣ ውጤቱ መቆየቱ፣ ወጪው፣ ጎንደር ውስጥ መገኘቱ ይከተላል። የሚረሳ ሌላ መመዘኛም አለ፤ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ አያትም ልጅም ሠራተኛም፣ በአንድ መንገድ ሊያደርገው ይችላል ወይ?

አማራጭ 1፦ የሚያስጮኸውን ነገር መከለል

ርካሹና ፈጣኑ ይህ ነው፤ ለበር ጩኸት በዚያው ቀን ለውጥ ያሳያል። ከውጭ በሩ ሥር ያለውን ክፍተት ይለኩ። ትንሽ ውሻ የሚያየው የሰው እግር ነው፤ ስለዚህ ከመሬት እስከ 40 ሳንቲሜትር መከለል ይበቃዋል። ብየዳ ቤት አንድ የላሜራ ቁራጭ ማስበየድ ይቻላል፣ ካልሆነም አሮጌ የመኪና ጎማ ወይም ወፍራም ሸራ በሽቦ ይታሰራል። ከሥሩ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ይተዉ፤ አለዚያ በክረምት ጎርፉ መውጫ ያጣና ግቢው ይሞላል። በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ያሉ የሚስማር ቀዳዳዎችንም ይድፈኑ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የመስኮቱን ታችኛ ግማሽ በወረቀት ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ይሸፍኑ፤ በረንዳውንም በሸራ።

ሁለተኛው እርምጃ የመኝታ ቦታ ነው። በር አጠገብ የሚተኛ ውሻ ዘበኛ እንዲሆን ተቀጥሯል ማለት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቤት ውስጥ ይደር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የሌሊቱ ብርድ ፀጉረ አጭር ውሻ ያስነሳል፣ የተነሳ ውሻ ደግሞ እያንዳንዱን ኮሽታ ይሰማል። የካርቶን ሳጥን፣ አሮጌ ብርድ ልብስና በዝቅተኛ ድምፅ የተከፈተ ራዲዮ ብዙውን ይፈታሉ። የጅቡን ጩኸት በሥልጠና ለማስቀረት ጉልበት አይጨርሱ፤ ውሻውን ማስገባት ይቀላል።

የሚበላሸው የት ነው? አንዱን በር ከልሎ ጎኑን ክፍት መተው የተለመደ ነው፤ ውሻው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይተውም። ሌላው ጨለማ መጋዘን ውስጥ መቆለፍ ነው። ያኔ የበር ጩኸቱ ወደ ፍርሃት ጩኸት ይለወጣል፣ እሱም ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

አማራጭ 2፦ "በቃ" ብሎ ማስተማር

ጊዜ ይወስዳል፣ ወጪው ግን የጉርሻ ብቻ ነው፤ ውጤቱም ከሁሉ ይበልጥ ይቆያል። ጉርሻው የሽምብራ ፍሬ የሚያክል የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ይሁን። በጾም ቀን ቤት ውስጥ ሥጋ ከሌለ የተቀቀለ ድንች፣ ካሮት ወይም ደረቅ ዳቦ ይሠራል፤ ውሻው ጾመኛ ባይሆንም ይለምደዋል። ከወጥ የወጣ ሥጋ ግን አይስጡ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፣ ቢበስልም ያው ነው፤ ለ5 ኪሎ ውሻ 75 ግራም ገደማ፣ ማለትም ከአንድ መካከለኛ ራስ ያነሰ፣ ሊመርዘው ይችላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዘቢብና ቸኮሌትም እንዲሁ ይከለከላሉ። ጉርሻው ከዕለት ምግቡ አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ የሰጡትን ያህል ከሣህኑ ይቀንሱ።

ቃሉን መጀመሪያ ውሻው ዝም ባለበት ሰዓት ያስተምሩ። በቀስታ "በቃ" ይበሉና ወዲያው ያጉርሱት። በአንድ ጊዜ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን። ቃሉን ሲሰማ ዘወር ብሎ ፊትዎን ካየ ገብቶታል።

ከዚያ አንድ ሰው ከውጭ ሆኖ በሩን በቀስታ ያንኳኳ። ውሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ይጩህ። አንድ ጊዜ ብቻ "በቃ" ይበሉና ጉርሻውን አፍንጫው ሥር ያድርጉ፤ እያሸተተ መጮህ ስለሚከብደው ዝም ይላል። በልብዎ ሁለት ይቁጠሩና ይስጡት። ሲለምደው ወደ አምስት፣ ወደ አሥር፣ ወደ ሃያ ያሳድጉ። ማንኳኳቱንም ቀስ በቀስ ያጠንክሩ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካቃተው አንድ ደረጃ ዝቅ ይበሉ። በመጨረሻም ከበሩ ራቅ ያለ ምንጣፍ አንጥፈው "ቦታህ" ብለው እዚያ ላይ ያጉርሱት፤ በር ሲንኳኳ የሚሮጥበት ሌላ ቦታ ያገኛል። በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ከሠሩ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱ ለጎረቤትም ይሰማል።

ይህ ሥልጠና የሚከሽፈው በሰው ነው። አያት "ዝም!"፣ ልጆች "ሂድ!"፣ ሠራተኛዋ "ውጣ!" ካሉ ውሻው የተማረው ቃል የለም። መጮህ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሰው ሲጮህበት አብረውት የጮኹ ይመስለዋል። ብልጥ ውሻም ጮሆ፣ ዝም ብሎ፣ ጉርሻ መቀበልን እንደ ሥራ ሊይዘው ይችላል። መድኃኒቱ የባጃጅ ድምፅ ሰምቶ *ሳይጮህ* የቀረበትን ቅጽበት መሸለም ነው፤ ክፍያው ወደ ዝምታው ይዞራል።

ለልመና ጩኸት መንገዱ ሌላ ነው፤ ፊትን ማዞር፣ አለማየት፣ አለመናገር፣ ዝም ሲል ብቻ መስጠት። ከመቆሙ በፊት ለጥቂት ቀናት እንደሚብስ ይወቁ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው አዝኖ ቁራሽ ከወረወረ ውሻው የተማረው ጠንክሮ መጮህን ነው።

አማራጭ 3፦ ድካምና ሥራ መስጠት

ለመሰላቸት ዋናው ነው፣ ለሌላውም ያግዛል። ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ደቂቃ ያንሸራሽሩት። ጠዋት ከ12 እስከ 1 ሰዓት መንገዱ ገና ስላልተጨናነቀ ይመረጣል። እየሮጠ ከሚሄድ እያሸተተ የሚሄድ ውሻ ይበልጥ ይረካል፤ አይጎትቱት። በአንገቱ ሳይሆን በደረቱ የሚታሰር ቀበቶ ይጠቀሙ፤ የማልቲዝ፣ የቺዋዋና የፖሜራኒያን ዓይነት ትንንሽ ዝርያዎች የአየር ቧንቧቸው በቀላሉ ይጎዳል። የባለቤት አልባ ውሾች ብዛት ሲታይ ክትባት ሳይኖረው አይውጣ፤ የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ይጀመራል፣ ከዚያም እየታደሰ ይቀጥላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ይውሰዱ፤ ክዳኑንና ከአንገቱ ላይ የሚቀረውን ቀለበት ያውጡ፣ ጣት የሚያሾልኩ ሦስት ቀዳዳዎች ይብሱ፣ ጠርዙን በእሳት ያለስልሱ፣ ደረቅ ዳቦ ቆራርሰው ይክተቱ። እያንከባለለ ያወጣል። ጠርሙሱን መብላት ከጀመረ ይውሰዱበትና ምግቡን በታጠፈ ጆንያ ውስጥ በትነው ይስጡት። የበሰለ የዶሮ አጥንት አይሆንም፤ ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

አማራጭ 4፦ ብቻውን መሆንን ማስለመድ

ለብቸኝነት ጩኸት ብቻ። ቁልፍ ማንሳትና ጫማ ማድረግ ራሱ ያስጨንቀዋልና ሳይወጡ ቁልፉን አንስተው ይቀመጡ፤ ምንም እስከማይመስለው ይደጋግሙ። ከዚያ ለ5 ሰከንድ ወጥተው ይመለሱ፣ ከዚያ ለ15፣ ለ30፣ ለአንድ ደቂቃ። ሁልጊዜ ከመጮሁ *በፊት* ይመለሱ። ከባዱ ክፍል የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። በሥልጠናው ሳምንታት ሙሉ ቀን ብቻውን መተው የተገኘውን ስለሚያፈርሰው ጎረቤት ወይም ዘመድ ዘንድ ያውሉት። ትዕግሥት ይፈጃል፣ አቋራጭም የለውም።

አማራጭ 5፦ የጩኸት መከላከያ መሣሪያዎች

በጎንደር ሱቆች በቀላሉ አይገኙም፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ይገባሉ፣ ስለዚህ ሲበላሹም መለወጫ የለም። የሚንዘር፣ ሽታ የሚረጭና በኤሌክትሪክ የሚያስደነግጥ የአንገት ቀበቶ አለ፤ ለብቻው የሚቀመጥ፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ ሳጥንም አለ።

መጀመሪያ ክብደቱን ያስቡ። 80 ግራም የሆነ መሣሪያ በ4 ኪሎ ውሻ አንገት ላይ 60 ኪሎ ሰው ከ1 ኪሎ የሚበልጥ ድንጋይ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ነው። በማይክራፎን ብቻ የሚሠሩት ርካሾቹ የጎረቤት ውሻ ሲጮህም ይነሳሉ፤ ዝም ያለው ይቀጣል። የብረት ጥርስ ያላቸው ቀኑን ሙሉ ከዋሉ ቆዳ ያቆስላሉ። የሚረጨው መሙያ ይፈልጋል፣ መሙያው ደግሞ እዚህ አይገኝም። ሳጥኑ ግቢ ያለን ውሻ ሁሉ ይረብሻል፤ ጆሮው የደከመ ሽማግሌ ውሻ ግን አይሰማውም።

ኤሌክትሪኩን አንመክርም። ዌልስ በ2010 ከልክላዋለች። የሚፈራን ውሻ ሲጮህ ማሳመም ፍርሃቱን ይጨምራል፤ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ይቀማል፣ ቀጥሎ ሳይጮህ ይነክሳል። መግዛት ግድ ከሆነ የሚንዘረውን፣ ማይክራፎንና የጉሮሮ ንዝረት ሁለቱንም የሚለየውን፣ ለበር ጩኸት ብቻ፣ ሰው ባለበት ሰዓት፣ ከአማራጭ 2 ጋር ይጠቀሙ። ሁለት ሳምንት ሠርቶ ለውጥ ካላመጣ ያውልቁት።

አማራጭ 6፦ መድኃኒት

ለከባድ የብቸኝነት ጭንቀት ወይም ለተኩስና ርችት ፍርሃት ቦታ አለው። ፍሉኦክሰቲንና ክሎሚፕራሚን በውሾች የመለየት ጭንቀት ላይ የሚታዘዙ ናቸው፤ ውጤታቸው ለመታየት ሳምንታት ይወስዳል፣ ያለ አማራጭ 4ም ብዙ አይረዱም። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ የሐኪም ሥራ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው በከተማው ስለሆነ የምክር ቦታ አይጠፋም። ከሰው መድኃኒት ቤት የሚያስተኛ ክኒን ገዝቶ መስጠት አደገኛ ነው። የሰው ማረጋጊያ የሆነው ዳያዜፓም አንዳንዱን ውሻ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል፤ የእንስሳት ማረጋጊያው አሴፕሮማዚን ደግሞ አካሉን ያደነዝዛል እንጂ ፍርሃቱን አይወስድም። ለሰው የተዘጋጁ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለውሻ አይሰጡም።

የማንመክራቸው

በአጭር ገመድ ማሰር ጩኸቱን ያበዛል፤ መሸሽ ያቃተው ውሻ ያለው መሣሪያ ድምፁ ነው። የአፍ መሸበቢያ ውሻው እያለከለከ እንዳይቀዘቅዝ ስለሚያግደው ለጩኸት ተብሎ አይታሰርም። ሁለተኛ ቡችላ መጨመር ሰው ለናፈቀ ውሻ አይረዳም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጯሂ ይሆናሉ። የድምፅ ጅማትን በቀዶ ሕክምና መቁረጥ የ1987ቱ የአውሮፓ የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት የሚከለክለው ነው፤ ጠባሳው የመተንፈሻ ቧንቧውን ሊያጠብበው ይችላል፣ ድምፁም በከፊል ሊመለስ ይችላል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚስማማው ጩኸት | ለውጥ የሚታይበት ጊዜ | ወጪ | ጉዳት | ጎንደር ውስጥ |
|---|---|---|---|---|---|
| መከለልና መኝታ መቀየር | የበር፣ የሌሊት | በዚያው ቀን | ዝቅተኛ | የለም | ይገኛል |
| "በቃ" ማስተማር | የበር፣ የልመና | 3–4 ሳምንት | የጉርሻ ብቻ | የለም | ሁሉም ይችላል |
| ሽርሽርና ጨዋታ | መሰላቸት | 1–2 ሳምንት | የክትባትና የቀበቶ | ያለ ክትባት አደገኛ | ይገኛል |
| ብቻ መሆን ማስለመድ | ብቸኝነት | ከሳምንታት እስከ ወራት | ጊዜ | የለም | ሁሉም ይችላል |
| የሚንዘር ቀበቶ | የበር | ቀናት፣ ብዙ አይቆይም | ከፍተኛ | መካከለኛ | ማስመጣት ያስፈልጋል |
| የኤሌክትሪክ ቀበቶ | ለየትኛውም አይሆንም | ቀናት | ከፍተኛ | ከፍተኛ | ማስመጣት ያስፈልጋል |
| መድኃኒት | ከባድ ጭንቀት፣ ፍርሃት | ሳምንታት | መካከለኛ | ያለ ሐኪም ከፍተኛ | በእንስሳት ሐኪም |

ለማን የቱ?

አከራይ የአንድ ሳምንት ቀነ ገደብ ለሰጠው ተከራይ፦ ዛሬውኑ በሩን ይከልሉ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ውሻውን ቤት ውስጥ ያሳድሩ። ሳምንቱ ሳያልቅ የሌሊቱ ጩኸት መቀነሱን አከራዩ ራሳቸው ይሰሙታል፤ ለሥልጠናው የሚሆን ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅም ያኔ ይቀላል። ጎረቤቶችን ቀድሞ ማነጋገር አይጎዳም፤ በር እንዲያንኳኩ ከተለመኑ ደግሞ የሥልጠናው አጋዥ ይሆናሉ።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውል ቤት፦ ቀረጻውን ሳያዳምጡ ምንም አይግዙ። መሰላቸት ከሆነ የጠዋት ሽርሽርና ጠርሙሱ ይበቃል። ብቸኝነት ከሆነ ቀበቶ ምንም አይፈይድም፤ የሚውልበት ሰው ይፈልጉለት፣ አማራጭ 4ን ይጀምሩ፣ ራሱን እስኪያቆስል በር የሚቧጭር ከሆነም ሐኪም ያማክሩ።

ልጆች ለሞሉበት ግቢ፦ ቃሉን "በቃ" ብላችሁ አንድ አድርጉና በሩ ላይ ጻፉት። ጉርሻ የሚሰጠው ሰው ሁለት ብቻ ይሁን።

ጥንድ ሆነው ለሚኖሩ አዛውንቶች ሁለት ጊዜ መሸራሸር ከከበደ ምግቡን በጆንያ በትኖ መስጠት አብዛኛውን ይተካል።

ለደወልና ለአዛን ለሚያላዝን ውሻ ገንዘብ አታውጡ። በአርባ አራቱ ታቦታት ከተማ ደወል አይቀርም፤ ማላዘኑም ከደወሉ ጋር ያበቃል። ጥምቀትን ግን አስቀድመው ያስቡበት። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ ሲወርዱና ጥር 11 ሲመለሱ ቤትዎ መንገዱ ዳር ከሆነ ጠዋት ቀድሞ ይሸራሸር፣ ከዚያ መስኮቱ በተዘጋ፣ ከመንገድ በራቀው ክፍል፣ ራዲዮ ከፍተው፣ ጠርሙሱን ሞልተው ያስገቡት። በር መከፈቻና መዘጊያው በበዛበት በዚያ ቀን ብዙ ውሻ የሚጠፋው ደንግጦ ሲወጣ ነውና ስልክ ቁጥርዎ የተጻፈበት ቀበቶ ይኑረው።